ሩዌንዞሪ፦ በረዶ ያረፈበት ወሰን

በኡጋንዳና በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ መካከል፣ በምድር ወገብ አካባቢ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው የሩዌንዞሪ ሰንሰለት፣ በማርጋሪታ ጫፍ 5,109 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ በአፍሪካ ከኪሊማንጃሮና ከኬንያ ተራራ ቀጥሎ ሦስተኛውን ስፍራ ይይዛል። ሁለቱ ቀዳሚዎች እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ሲሆኑ፣ ሩዌንዞሪ ግን የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ክንፍ ሲሰነጠቅ በስንጥቆቹ መካከል ሽቅብ የተገፋ ጥንታዊ ዐለት ነው፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት እንዲህ ዙሪያው እየሰመጠ እሱ ከፍ ያለውን የምድር ቁራጭ «ሆርስት» ይሉታል።

ቅኝ ገዢዎቹ ብሪታንያና ቤልጂየም በ1910 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት ወሰን በማርጋሪታ ጫፍ ላይ ያልፋል፤ በዚህም በቋንቋ የሚቀራረቡት የባኮንዞና የናንዴ ሕዝቦች በሁለት አገሮች ተከፍለው ቀርተዋል። ውኃው ግን የተለየ መንገድ አለው። በኡጋንዳ በኩል የሚወርዱት እንደ ሙቡኩ ያሉ ወንዞች ጆርጅ ሐይቅ ገብተው፣ በካዚንጋ የተፈጥሮ ቦይ ወደ ኤድዋርድ ሐይቅ ይሻገራሉ፤ ከዚያም በሴምሊኪ ወንዝ ተራራውን በስተምዕራብ ዞረው፣ ከኮንጎ በኩል ከወረደው ውኃ ጋር ተቀላቅለው አልበርት ሐይቅ ይደርሳሉ። ስለዚህም በሁለቱም ተዳፋቶች የዘነበው ዝናብ ነጭ ዓባይ ሆኖ ካርቱም ላይ ከኢትዮጵያው ዓባይ ጋር ይገናኛል።

ተራራውን ሽቅብ ሲወጡት ከእርሻው በላይ ደን፣ ከደኑ በላይ ቀርከሃ፣ ከዚያም አስታ የሚመስሉ፣ ሽበት የመሰለ ሊከን የተንጠለጠለባቸው የኤሪካ ዛፎች ይከተላሉ፤ ከነዚህ በላይ ባለው ረግረግ የሚቆሙት ግዙፍ ሎቤሊያዎች ደግሞ የስሜንና የባሌ ጅብራ የቅርብ ዘመዶች ናቸው።

የአብሩዚ መስፍን ሉዊጂ ጓዱን አስከትሎ በሰኔ 1906 እ.ኤ.አ. ማርጋሪታን ሲወጣና ጫፉን በቀድሞዋ የጣሊያን ንግሥት ስም ሲሰይም፣ የበረዶ ግግሩ፣ ማለትም ለዘመናት ተከማችቶ በራሱ ክብደት የሚንሸራተተው በረዶ፣ 6.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍን ነበር፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ግን ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ወርዷል። ወንዞቹን በዋናነት የሚመግባቸው ከበረዶው የሚቀልጠው ውኃ ሳይሆን ዝናቡ በመሆኑ፣ ግግሩ ቢጠፋም ወንዞቹ አይደርቁም። ጉዳቱን በውኃ ልክ ብቻ መመዘን ግን ያሳስታል፤ በባኮንዞ እምነት ኪታሳምባ የተባለው አምላክ የሚኖረው በዚያው በረዶ ውስጥ ነውና።