ዘንገና፦ እሳት የቆፈረው ሐይቅ

በእግር ተጉዞ የተራራ ሐይቅ ማየት ሲታሰብ ብዙዎቻችን ዓይናችንን ወደ ሩቅ እንጥላለን። በባሌ ተራሮች፣ 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጥንት ግግር በረዶ ቦርቡሮት የሄደ ጋርባ ጉራቻ የሚባል ሐይቅ አለ። ብርዱና የአየሩ መሳሳት ግን ለትንንሽ ልጆች የሚቀመስ አይደለም። ወደ ጎጃም ለሚዘልቅ ቤተሰብ የሚቀርበው ሌላ ነው፤ ዘንገና።

ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው ቡሬንና ቲሊሊን ሲያልፉ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ደጋው እየከፈተ ይመጣል። የቀድሞዋ ኮሶ በር፣ የዛሬዋ እንጅባራ ከመድረስዎ በፊት፣ ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ ሐይቁ ከዛፎች ጀርባ ተሸሽጓል። በዚያ መንገድ ዓመቱን ሙሉ እየተመላለሰ ዘንገናን ያላየ መንገደኛ ጥቂት አይደለም። ለማየት ከመኪና ወርዶ በእግር መሄድ ግድ ነውና።

ጠርዙ ላይ ሲቆሙ መጀመሪያ የሚገርመው ቅርጹ ነው፤ ክብ ምጣድ ይመስላል። ይህን ጉድጓድ የፈጠረው በረዶ ሳይሆን እሳት ነው። ከምድር ሆድ የወጣ ቅልጥ አለት የከርሰ ምድር ውኃ ሲያገኝ፣ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ መሬቱን አፈነዳው። በቀረው ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ተጠራቀመ።

ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ጣና እንኳ ጥልቅ በሆነበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ለልጆች ለማስረዳት የሚቀለው ግን አዲስ አበባ ያለው የንግድ ባንክ ሕንፃ ነው። ባለ 209 ሜትሩ ሕንፃ ዘንገና ውስጥ ቢቆም ከአምስት እጁ አራቱ ገደማ ይሰጥም ነበር። ስለዚህ ልጆችን ከእጅ አለመልቀቅ፣ ዋናም አለማሰብ ይበጃል።

ጠርዙን እየተከተሉ በዝግታ ለመጓዝ ግማሽ ቀን ይበቃል። ጥላው የዛፍ፣ ድምፁ የወፍ ነው፤ ጦጣም አይጠፋም። ከሐይቁ ወጣ ሲሉ ደግሞ ገበሬው ለከሰል የሚተክለውን ዲከረንስ በየማሳው ያያሉ። ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ያስፈልጋል። የማያዳልጥ ጫማ፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ለመክሰስም በሶ ወይም ዳቦ ቆሎ ይያዙ። ለጭቃው ሲሉ ክረምቱን ያሳልፉት። ጥር 23 ቀን ከደረሱ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል አይተው ይመለሳሉ። ከመነሣትዎ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ይጠይቁ።

አንድ ነገር ለልጆችዎ ይንገሯቸው። ጣና ወንዞች ይገቡበታል፤ በዓባይ በኩልም ይወጣል። ዘንገና ግን ገባርም መውጫም ወንዝ የለውም። የወረወሩት የውኃ ፕላስቲክ፣ የጣሉት የብስኩት ልጣጭ ተጠርጎ የሚሄድበት መንገድ የለም፤ የልጅ ልጆቻቸው ሲመጡም እዚያው ይጠብቃቸዋል። ባዶ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱ የራሳችሁን ቆሻሻ ሞልታችሁ፣ ቦታ ከተረፈም የሌላውን ጨምራችሁ ውጡ።