በወላጅና በመምህር መካከል

ልጅን ወልዶ ማሳደግ አንድ ሸክም ሲሆን፣ ያንኑ ልጅ ለሌላ ሰው አደራ ሰጥቶ ማስተማር ደግሞ ሌላ ሸክም ነው። ምግቡንና ልብሱን ወላጅ በገዛ ዓይኑ ያየዋል፤ የትምህርቱን ነገር ግን ከመምህሩ አፍ ካልሰማ በቀር ሊያውቀው አይችልም። እኛም ይህን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

የ9 ዓመት ልጃችን ክራር ለመማር ብርቱ ፍላጎት ስላደረባት፣ ከጥር ወር ጀምሮ በየቅዳሜው ሕፃናትን ከሚያስተምሩ አንድ መምህር ዘንድ አስገባናት። መምህሩ በሙያቸው የሚታሙ አልነበሩም። ልጅቱ በጥቂት ወራት ውስጥ የክራሯን 6 አውታሮች በትዝታ ለመቃኘት፣ ድርድሩን ከግርፉ ለመለየት በቃች። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ቃል። ትምህርቱ የሚቀርበት ቀን አይነገረንም፤ ስልክ ብንደውል አይነሣም፤ መልእክት ቢኖርም በልጆች አፍ ይላካል። በሐምሌ ዝናብ ሁለት ጊዜ ያህል፣ አድርሰናት ሄደን ስንመለስ፣ ክራሯን በሹራቧ ሸፍና ከተቈለፈ በር ፊት ቆማ አገኘናት። ሆኖም መምህሩ ቢቀየሙን በልጃችን ላይ ይከፋል ብለን በመፍራት፣ በልባችን እያጉረመረምን ዝም አልን።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ማታ ልጅቱ ፊቷን አጥቍራ ገባች። ምን እንደ ሆነች ብንጠይቃት፣ «ዛሬ የሁሉም አባትና እናት መጥተው አጨበጨቡ፤ እኔ ግን በሩን በሩን ሳይ ተሳሳትኩ» አለችን። ለካ የወላጆች ቀን ኖሯል! መምህሩ ለልጆቹ የነገሩት ባለፈው ሳምንት ሲሆን፣ የእኛዋ ደግሞ በዚያ ቀን በጉንፋን ምክንያት ቀርታ ነበር።

በዚያች ሌሊት ለመምህሩ የቍጣ ደብዳቤ ጻፍን። በማግሥቱ ስናነበው ግን ከስድብ በቀር አንዳች ጥያቄ አላገኘንበትምና ቀደን ጣልነው፤ ሰኞ ዕለትም ራሳችን ሄድን። የሆነውን ሁሉ ድምፃችንን ሳናነሣ ነገርናቸው። መምህሩም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገር ግን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ በእነዚህ 8 ወራት ከመጀመሪያው ቀን በቀር በዚህ በር ገብተው፣ ‹ልጄ እንዴት ናት?› ብለው ያውቃሉ?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም፤ ዘወትር ከደጅ አውርደናት የምንሄድ ነበርንና።

በቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ዳዊት ሲጨርስ ወላጆቹ ድግስ ይደግሱ፣ የኔታንም በክብር ያስቀምጡ ነበር። መምህርና ወላጅ በዚያ ማዕድ ፊት ለፊት ይተያያሉ። እኛ ግን የወር ክፍያውን ከከፈልን ገንዘቡ ስለ እኛ የሚናገርልን መስሎን ኖረናል።

ከመምህሩ ጋር የተስማማንበት ነገር ቀላል ነው። አንድ ደብተር በልጅቱ እጅ ይመላለሳል። መምህሩ የተማረችውን፣ ቤት የምትለማመደውን፣ የሚመጣው ቅዳሜ ትምህርት መኖር አለመኖሩን ይጽፉበታል፤ እኛም አንብበን ያየነውን ጨምረን እንፈርምበታለን። ድንገተኛ ነገር ሲያጋጥም ደግሞ በጧት ለሁላችንም በስልክ መልእክት ይላካል። ከዚያ ወዲህ መምህሩ ሁለት ጊዜ ረስተዋል፤ እኛ ግን በዚያው ዕለት ጠየቅን እንጂ ቂም አልቋጠርንም።

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መምህሩ የጻፉት፣ «እጇ ቀልጣፋ ነው፤ ስትጫወት ግን በሩን ታያለች» የሚል ነበር። እኚህ ሰው ልጃችንን ከእኛ ይልቅ አስተውለዋታል፤ የጐደላቸው የሚነግሩት ሰው ነበር።

አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ወላጅና መምህር ካልተነጋገሩ ግን የሚቀረው የእነርሱ ሹመት ሳይሆን የልጁ ደስታ ነው።