የፍየል እግር በየትም አገር አራት ነው

በሰው አገር ልጅ ማሳደግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ስለዚህ በችግሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት የሚሆናቸውን ልጆቻችንን በእንስሳት እያጫወትን ሒሳብ ስለማስተማር ነው።

አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበርኩ፤ አሁን ታክሲ እነዳለሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ስንጠብቅ ከወገኖቼ ጋር ስለ ልጆች ማውጋታችን አይቀርም። ብዙ ጊዜ የምሰማው «የልጄን የቤት ሥራ እንዳላይለት እንግሊዝኛው አይገባኝም» የሚል ነው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ። ልጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠይቆ መልስ ካጣ «አባዬ አያውቅም» ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያ ወዲያ ሒሳቡ ቀርቶ ሌላውንም ነገር መጠየቅ ይተዋል። እኔን ከማርኩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ የሒሳብ መነሻው እንግሊዝኛ አይደለም። መቁጠር፣ ማነጻጸር፣ መደመርና ማካፈል ነው። ይህን ደግሞ ከብት የጠበቀም ገበያ የወጣም ያውቀዋል። እረኛ ማታ ከብቶቹን ወደ በረት ሲያስገባ አንዷ ብትጎድል ማንም ሳይነግረው ይደርስባታል።

ቋንቋችንም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በእንግሊዝኛ «ኢለቨን» እና «ትዌልቭ» የሚሉት ቃላት ከ10 ጋር ያላቸው ዝምድና ለሕፃን ጆሮ አይሰማም፤ በቃል መያዝ ብቻ ነው። በአማርኛ ግን «አሥራ አንድ»፣ «አሥራ ሁለት» ስንል አሥር ላይ አንድ፣ አሥር ላይ ሁለት መጨመሩ ከቃሉ ይታወቃል። በግእዝ አኃዝ ፲፩ ብለን ስንጽፍም አሥርና አንድ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። ልጁ የቁጥሩን ነገር በአማርኛ ከተረዳ በእንግሊዝኛ የሚቀረው ስሙን መጥራት ነው።

እንግዲህ ወደ እንስሳቱ እንምጣ። አንድ እፍኝ ሽምብራ ጠረጴዛ ላይ አፍስሱና እያንዳንዱ ፍሬ አንድ እግር ነው በሉ። ዶሮ 2፣ ፍየል 4፣ ዝንብ 6፣ ሸረሪት 8 እግር አላቸው። «ሦስት ዶሮዎች ስንት እግር አላቸው?» ብላችሁ ስትጠይቁት ልጁ ሁለት ሁለት ፍሬ እየደረደረ 2፣ 4፣ 6 ይላል። ሳያውቀው ማባዛት ጀመረ ማለት ነው። ቀጥሎ ነገሩን ገልብጡት፤ «24 እግር ቢቆጠር ስንት ፍየል ይሆናል? ዝንብ ቢሆንስ? ሸረሪት ቢሆንስ?» መልሱ 6፣ 4 እና 3 ነው። ይህ ደግሞ ማካፈል ነው። ፍየል በሥዕል ብቻ ለሚያውቅ ልጅ በመስኮት የሚታየው እርግብና የጎረቤት ውሻም ያገለግላሉ።

ሰባት ስምንት ዓመት ለሆነው ጠንከር ያለ ጥያቄ አለ። በአንድ ግቢ ውስጥ ዶሮዎችና ፍየሎች አሉ፤ ራሳቸው ሲቆጠር 5፣ እግራቸው ሲቆጠር 14 ነው። ዶሮዎቹ ስንት፣ ፍየሎቹስ ስንት ናቸው? ይህን እኔ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ኤክስ እና ዋይ ብዬ በሁለት እኩልታ ነበር። ልጁ ግን ኤክስ አያስፈልገውም። አምስት ክብ ይሣልና ለእያንዳንዱ ሁለት ሽምብራ ይስጥ፤ 10 ወጣ፣ 4 ቀረ። የቀረውን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲጨምር ሁለቱ ክቦች ባለ አራት እግር ይሆናሉ። ስለዚህ ፍየሎቹ 2፣ ዶሮዎቹ 3 ናቸው። ከ1,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የሱን ዙ በሚባለው የቻይናዎች የሒሳብ መጽሐፍም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ፤ በዚያ ያሉት የዱር ዶሮና ጥንቸል ሲሆኑ ራሱ 35፣ እግሩ 94 ነው። በዚሁ ዘዴ ብትሠሩት 23 ዶሮና 12 ጥንቸል ታገኛላችሁ።

ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ የሚሻገረውን ሰው ደግሞ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ታንኳዋ ከሰውየው ጋር አንዱን ብቻ ትይዛለች፤ ሰውየው ከሌለ ነብሩ ፍየሏን፣ ፍየሏ ቅጠሉን ትበላለች። በአውሮፓም ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት ለኖረው ለመምህር አልኩዊን በሚሰጠው የላቲን መጽሐፍ ውስጥ ተኩላ፣ ፍየልና ጥቅል ጎመን ሆኖ ይገኛል። ለልጃችሁ ሦስት አሻንጉሊት ስጡትና ያሻግር። መልሱን ቶሎ አትንገሩት። ልጆች የሚቸገሩት አንድ ጊዜ ያሻገሯትን ፍየል መልሶ ማምጣት ስለማይታያቸው ነው። ታንኳዋ 7 ጊዜ ስትሻገር ሁሉም በሰላም ይደርሳሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። አገር ቤት ስንደውል ልጆቻችን ከአያታቸው ጋር የሚያወሩት ከ«ደህና ነሽ?» አያልፍም። አያት ዶሮ የምታረባ ከሆነች ልጁ «እማማ፣ ዶሮዋ ስንት እንቁላል ታቀፈች? መቼ?» ብሎ ይጠይቃት። ጫጩት በ21 ቀን ገደማ ስለሚፈለፈል ሦስት ሳምንት በካላንደር ላይ ይቁጠርና በቀኑ ይደውል። 12 ታቅፋ 9 ከተፈለፈለ ስንቱ እንደቀረ ራሱ ይነግራታል። አያትም የምትመልሰው፣ ልጅም የሚጠይቀው አገኙ ማለት ነው።

ይህን የምለው የትምህርት ቤቱን አሠራር ለመተካት አይደለም። እንዲያውም «መምህርህ እንዴት ነው የምትሠራው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲያስረዳችሁ የበለጠ ይገባዋል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ በየቀኑ ይህን ያድርግ ማለትም ግፍ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ 20 ደቂቃ፣ አንድ እፍኝ ሽምብራ ይበቃል። ሲያልቅም ሽምብራው ተቆልቶ ይበላል።