የቀረችው አንቀጽ

መቼም ኮፒ ፔስት የማያውቅ የዚህ ዘመን ልጅ የለም። እኛ ግን ኮፒ ማድረግ እንደማንችል ያወቅነው በጋዜጠኝነት ከተመረቅን በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጽሑፎቻችንን የምናሰናዳው ላፕቶፓችን ላይ ሳይሆን ባሕር ማዶ በተከራየነው ሰርቨር ላይ ነው። በኤስኤስኤች እንገባለን፣ ቲመክስን እንከፍታለን፣ በቪም እንጽፋለን። መብራት ቢሄድ፣ ኔትወርክ ቢቆረጥ ጽሑፉ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። የሚመላለሰው ፊደል ብቻ ስለሆነ ዳታም ብዙ አይበላም። (ጥቁሩን ስክሪን ያየ ዘመድ ሁሉ "ባንክ ልትዘርፉ ነው እንዴ?" ይለናል።)

ጣጣው ያለቀውን ጽሑፍ ወደ ላፕቶፓችን ማምጣት ነው። ቪም ውስጥ ኮፒ ያደረግነው ሰርቨሩ ላይ ይቀራል፤ ላፕቶፑ ወሬውንም አይሰማ። ስለዚህ በማውስ እየጎተትን እንቀዳ ነበር። ማውስ ደግሞ የሚያየው ስክሪኑን እንጂ ፋይሉን አይደለም። የመስመር ቁጥሩን ከጽሑፉ ጋር ጠርጎ ያመጣል፤ ከስክሪኑ በታች የቀረውን ይተወዋል።

አንድ ቀን የተወው የመጨረሻውን አንቀጽ ነበር። ጽሑፉ ተከራዮቻቸውን ያለ ማስጠንቀቂያ አስወጡ ስለተባሉ አንዲት እናት ነው። የእሳቸው መልስ ያለው እዚያች አንቀጽ ውስጥ ነበር። ማታ ለጠፍነው፣ ተኛን። ጠዋት ደወሉ።

"ልጆቼ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አላወራኋችሁም?"

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለን ነበር። ምን እንበላቸው? "እትዬ፣ ማውሱ ነው" እንበል? አንቀጿን ከይቅርታ ጋር መለስናት፤ ማታ ያነበበው ሰው ግን ተመልሶ አላያትም።

ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ወዳጃችን ሲሰማ ሳቀብንና ኦኤስሲ 52 የሚባል ዘዴ አሳየን። ሰርቨሩ ላይ ያለው ኤዲተር ኮፒ የተደረገውን በቤዝ64 ይጠቀልልና በዚያው በተርሚናሉ መስመር ይልከዋል። የእኛ ተርሚናል ስክሪኑ ላይ አያወጣውም፤ ፈትቶ ላፕቶፓችን ክሊፕቦርድ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው፤ ሲጠቀለል 4 የላቲን ምልክት ይሆናል፤ ሲፈታ ያው ፊደል ነው። ኒዮቪም ከ0.10 እትሙ፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ይዞት ስለሚመጣ ቪምን ትተን ወደ እሱ ተሻገርን። ቲመክስም መልእክቱን እንዲያሳልፍ "ሴት ክሊፕቦርድ" የሚለውን "ኦን" አደረግነው። ይኸው ነው፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ ያናደደንም ይኸው ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ሰርቨሩ የእኛን ክሊፕቦርድ ላንብብ ቢል፣ ብዙ ተርሚናሎች አይፈቅዱም። እዚያ የፓስዎርድ ቅጂ ሊኖር ይችላላ! ይህን ወደድንለት።

አሁን ከለጠፍን በኋላ አንዳችን ከሰርቨሩ፣ ሌላችን ከገጹ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለን እናነባለን። ለሌላ ጽሑፍ እትዬ ጋ ሁለት ጊዜ ደውለን ነበር። አላነሱም።