ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለችው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን

ወደ ሮማ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ የቅዱስ ጴጥሮስን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሳያይ አይመለስም። ጉልላቱን ሽቅብ እያየ አንገቱ እስኪዝል ይቆማል፤ ከዓምዶቹ ሥር ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያ ይሄዳል። አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ ግን ከዚያ የደረሱ እንደ ሆነ የቫቲካንን የአትክልት ሥፍራ ለመጐብኘት ፈቃድ ይጠይቁና ከታላቁ ሕንፃ በስተኋላ ይዙሩ። እዚያ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያገኛሉ። ጣሊያኖች «ሳንቶ ስቴፋኖ ደሊ አቢሲኒ» ይሏታል፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው።

ከጎረቤቷ አጠገብ ጎጆ ትመስላለች። በዕድሜ ግን ትበልጠዋለች። ዛሬ የምናየው ቅዱስ ጴጥሮስ መሠረቱ የተጣለው በ1506 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ ከእርሷ መንበር በታች ያለው ምድር ቤት ግን የዘጠነኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። ፊቷ በ1706 በጳጳሱ በቀሌምንጦስ 11ኛ ዘመን የታደሰ ስለ ሆነ ከሩቅ ሲያዩት ተራ ነገር ነው፤ እኔንም አላስደነቀኝም። በሩ ግን ሌላ ነው። የአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት ጠራቢዎች በድንጋዩ ላይ በግና መስቀል ቀርጸውበታል። ከውስጥም የጥንት ሮማውያን ዓምዶች ዛሬም ይታያሉ።

ጳጳሱ ሲክስቶስ 4ኛ ይህችን ቤት በ1479 ገደማ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጡ። መነኮሳቱ ብዙዎቹ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፣ ባሕር ተሻግረው የመጡ መንገደኞች ነበሩ። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን ዜማቸውን ሰምቶ ቋንቋውን ተማረ፤ በ1513ም የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት በሮማ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። የሚያስቀው ነገር ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መጥራቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን መጡ። እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ፊደሉን የሚለቅሙት ጣሊያኖች አንዲት ቃል ማንበብ አይችሉም፤ መነኮሳቱ ደግሞ የማተሚያን ሥራ አያውቁም። ይህን ድካም ለመገመት በማያውቁት ፊደል አንድ ገጽ ለመገልበጥ ይሞክሩ። ተስፋ ጽዮን የተቀበሩት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው።

ተማሪዎቼ በፈተና ላይ «ማተሚያን ፈረንጅ አመጣልን» እያሉ ይጽፉልኛል። እውነት ነው፤ ነጥቡንም እሰጣለሁ። ነገር ግን ፈረንጁን ፊደሉን ማን እንዳስተማረው የሚጽፍልኝ እስካሁን አላገኘሁም።

በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ በሮማ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አማርኛ ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው፤ በ1652ም ጀርመን አገር ድረስ ሄደውለታል። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉን ያሳተመው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1698 ነው፤ መምህሩ አላዩትም።

በ1919 ጳጳሱ ቤኔዲክቶስ 15ኛ እዚያው የኢትዮጵያ ኮሌጅ አቋቋሙ፤ በኋላ ኮሌጁ በአትክልቱ ሥፍራ ውስጥ የራሱ ሕንፃ ተሠራለት። ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለመግባት ዕድል ካገኙ የመቃብር ድንጋዮቹን ሳያዩ አይውጡ። በግዕዝ የተጻፉ አሉባቸው፤ አስጎብኚው ዝም ብሎ ቢያልፋቸው እርስዎ ቆም ብለው ያንብቡለት።