ቋንጣ በማንጎ… በአማቴ ፊት!

የዛሬው ባሌ የሞጣ ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት መግቢያ ላይ ለእናቱ ሊያስተዋውቀኝ ይዞኝ ሄደ። ታዲያ ለራሴ ምን ብዬ ማልኩ መሰላችሁ? ከጎጃም ሴት ጋር በወጥ አልፎካከርም! ሰላጣ እሠራለሁ።

ጣሊያኖች በበጋ ሙቀት ፕሮሹቶ የሚሉትን በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ በስሱ ቆርጠው ከሜሎን ጋር ይበሉታል። አሳማ ለአማት? በስመ አብ! ደግነቱ የፋሲካው ቋንጣ ገና አላለቀም፤ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ይበላል። ማንጎውን መንገድ ላይ፣ መኪናው ቢቸና ሲቆም ገዛሁ። ጠንከር ያለውን ምረጡ፤ በጣም የበሰለው ይፈርሳል።

ቋንጣውን ያለ ዘይት ምጣድ ላይ ጠበስ አድርጌ በእጄ ሰነጣጠቅኩት። ማንጎ፣ የሰላጣ ቅጠል፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ጠብታ ዘይት። ጨው የለም፤ ቋንጣው ራሱ ጨው ነው። እሱም የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ርሶ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል።

ሳቀርብ የባሌ አያት «ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

«የጣሊያን ምግብ ነው እማማ» አልኩ፣ እኔ ቂሏ! በወረራው ዘመን በላይ ዘለቀ ጣሊያንን ሲያርበደብድበት በኖረው አገር!

ቤቱ ጭጭ አለ። እሳቸው አንዷን ቁራጭ አንስተው አላመጡ።

«ይሄማ የኔው ቋንጣ ነው። ጣሊያን ከየት አባቱ ያመጣዋል?»

አማቴ እየሳቁ ማንጎና ቋንጣውን በእንጀራ ጠቀለሉና አጎረሱኝ።