አብራሪ ሊሆን ስለተነሣው ጓደኛችን

እኛ የአምባ ጊዮርጊስ ልጆች አውሮፕላን የምናውቀው ከገብስ ማሳ መሐል ቆመን ወደ ላይ በማንጋጠጥ ነበር። ዘንድሮ ግን አንዱ ጓደኛችን ገና በማደግ ላይ ወዳለ አንድ ትንሽ የአየር አገልግሎት በአብራሪነት ሊገባ ነው። ለእናቱ እስካሁን አልነገራቸውም፤ እጁ ስለፈራ ደብዳቤውን የምንጽፍለት እኛ ነን።

ምን ብለን እንጻፍ? ወርቃማ መስመር ያለበት ኮት ይለብሳል ብንል ግማሹን ብቻ መናገር ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ ትንሽ በነበረበት ጊዜ፣ በ1946 እ.ኤ.አ. በረራ ሲጀምር፣ አውሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ ሲ-47 ነበሩ፤ መንገደኛው ግራና ቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ጭነቱ መሐል ይከመራል። አብራሪዎቹ አሜሪካኖች ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በአዛዥነት ለመብረር የበቁት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት መሆኑ ነው!

እንግዲህ ወንድማችንም በቀኙ ወንበር ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፤ ጭነት ያስመዝናል፣ ነዳጅ ያሰላል፣ የደጋ አየር ስስ ነውና ከአዘዞ ሲነሣ ረዘም ያለ መንደርደሪያ እንደሚያስፈልገው ይማራል። ደመወዙስ? መቼም እሱን ዘለልነው።

በመጨረሻ የጻፍነው «ልጅዎ ሥራ አግኝቷል፤ ለበዓል መምጣቱን ግን ራሱም አያውቅም» የሚል ብቻ ነው። አውሮፕላን የሚለውን ቃል በገዛ እጁ እንዲጨምር ከግርጌ ባዶ መስመር ትተንለታል።